ቬነስ ላይ ዝናብ የለም፤ ታዲያ ድንጋዩ ይዝጋል?

የጦሳ ስር (ደሴ)፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፤ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዛሬ ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁና እርዱኝ።

አንዱ ተማሪዬ ከጦሳ ተራራ ስር ድንጋይ ይዞ መጣ። ጭብጥ የምታህል ናት። በመዶሻ ለሁለት ከፈልናት። ውስጧ ጥቁር ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፤ ብርሃን ሲያገኘው ጥቃቅን ነገር ያብለጨልጫል። ዙሪያዋን ግን ቡናማ ልጣጭ ለብሳለች። ውፍረቱ የጣት ጥፍር ቢያህል ነው። ልጣጩን በቢላ ስፍቀው ተፈረፈረ። ጥቁሩን ቢላው አልነካውም፤ ይልቅ ቢላው ነው የተጫረው።

ልጆቹን እንዲህ አልኳቸው፤ ድንጋዩ ውስጥ ብረት አለ፣ ዝናብና አየር ሲያገኘው እንደ ቆርቆሮ ይዝጋል። ገባቸው። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ቬነስ ላይ ዝናብ መሬት አይደርስም ብለውናል። እዚያ ያለ ድንጋይ ቢሰበር ውጩም ውስጡም አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው?»

«አዎ» አልኳት። ደወሉም ተደወለ።

ቤት እስክደርስ ድረስ ግን መልሴ ሲቆረቁረኝ ነበር። ሳላስብ ነው የመለስኩላት። ልጅቷ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። የፕላኔት አየርና የፕላኔት ድንጋይ ያለ ውሃ ይነካካሉ ወይ? የምታውቁ ካላችሁ ነገ ከነገ ወዲያ ሳልል ላርምላት እፈልጋለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ማታ

መምህር፣ መልስዎ ልክ ነው። ዝገት ኦክስጅን ይፈልጋል። ቬነስ ላይ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ውሃም የለም። ሁለቱም በሌሉበት ምን ይዝጋል? ድንጋዩ እንደተፈጠረ ይቀመጣል። አይጨነቁ።

ጥቁር ንብርብር (አዲስ አበባ፣ የወልድያ ልጅ)፣ ማክሰኞ ጠዋት

ሰላም መምህር። ሰላም ቦርከና ወንድሜ። ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፤ ትንሽ ልጨምር።

ቦርከና ያልከው ግማሹ ትክክል ነው። ቬነስ ላይ ነጻ ኦክስጅን የለም ቢባል ይቀላል። ግን ኦክስጅን የሚገኘው በነጻ ብቻ አይደለም። የቬነስ አየር 96.5 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሁለት ኦክስጅን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። በቂ ሙቀት ካገኘ አንዷን ለብረቱ ሰጥቶ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ብረቱም ኦክሳይድ ይሆናል። ውሃ አላስፈለገም።

ሙቀቱስ አለ ወይ? መሬቱ ላይ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እርሳስ የሚባለው ማዕድን እንኳ ይቀልጣል። የአየሩ ግፊት እኛ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰማን 90 እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ አየር ድንጋይ ላይ ሌት ተቀን ተጭኖ ሲኖር ዝም ብሎ አይኖርም።

ድንጋዩም የምናውቀው ዓይነት ነው። ሶቭየቶች በ1982 እ.ኤ.አ. ቬኔራ 13 እና ቬኔራ 14 የተባሉ መንኮራኩሮችን አሳርፈው አፈሩን መርምረዋል። ያገኙት ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የሚጠጥር ጥቁር ድንጋይ) የሚመስል ነገር ነው። ቬኔራ 13 በዚያ እሳት ውስጥ የሠራችው 127 ደቂቃ ብቻ ነው። ወሎም ባዛልት ነው። መምህር የሰበሯት ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰው ጎርፍ የመጣች ናት። ያ የላቫ ጎርፍ በአንዳንድ ቦታ ተደራርቦ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ገደሎቻችን ደረጃ ደረጃ የሆኑት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዷ ደረጃ አንድ የላቫ ፍሰት ናት።

ስለዚህ ለልጅቷ የሚሆነው መልስ እንዲህ ይመስለኛል፤ አዎ፣ የቬነስም ድንጋይ ልጣጭ አለው። ልጣጩ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው እንጂ።

የሸክላ ልጅ (ሐይቅ)፣ ማክሰኞ ከሰዓት

እኔ ሳይንሱን እንደናንተ አልዘልቀውም። ግን «ያለ ውሃ በሙቀት ብቻ» የሚለውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት ነው ያደግኩት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ፣ እንስራ ትሠራለች። አፈሩ ሲመጣ ቡናማ ነው። ሲደርቅ ግራጫ ይሆናል። እሳት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ቀይ ነው። ልጅ ሆኜ «ቀለሙን ማን ቀባው?» እላት ነበር። «አየሩ ነዋ» ትለኛለች። ቃል በቃል እንዲህ ነው የምትለው። እሳቱ ንፋስ ካገኘ ሸክላው ይቀላል። ጭድና ፋንድያ ደፍታ ካፈነችው ይጠቁራል። ጥቁር ጀበና ስትፈልግ አፍና ነው የምታወጣው። አፈሩ ያው ነው፤ የሚለየው አየሩ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። መምህር፣ ገል ይፈልጉና ይስበሩት። የወፍራም እንስራ ገል ቢሆን ይመረጣል። ስብራቱን ከጎን ይመልከቱት። ውጩ ቀይ ነው፣ ውስጠኛው ፊትም ቀይ ነው፣ መሐሉ ግን ጥቁር ነው። እንደ ዳቦ። እናቴ «ልቡ አልበሰለም» ትላለች። አየሩ እስከ መሐል ሳይደርስ እሳቱ አልቆ ማለት ነው። ጥሩ የበሰለ ሸክላ እስከ ልቡ ቀይ ይሆናል።

እሳት ውስጥ ዝናብ የለም። ሸክላው ግን ልጣጭ አውጥቷል። ከድንጋይዎ ጋር አንድ አይደለም?

የጦሳ ስር፣ ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ ይህን አንብቤ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ስንት ዓመት ኦክሲዴሽን ሳስተምር ገል ሰብሬ አሳይቼ አላውቅም። እማማን ከልብ አመስግኚልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የሸክላው እሳት ከ460 ዲግሪ ይበልጣል አይደል?

ጥቁር ንብርብር፣ ማክሰኞ ማታ

ይበልጣል። ሜዳ ላይ የሚተኮስ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ቬነስ ከዚያ ቀዝቀዝ ያለች ናት። ግን እማማ እሳቱን የሚያቆዩት ለሰዓታት ነው። ቬነስ ጊዜ አላት።

የሸክላ ልጅ የጻፈችው እዚህ ክር ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጥብኛል። አንድ ነገር ብቻ ላክል። የታፈነው ሸክላ የጠቆረው በሁለት ምክንያት ነው። ጭሱ ጥላሸት ያስገባበታል። ደግሞም ኦክስጅን ስላጣ ብረቱ ቀዩን መልክ ይዞ መቆየት አይችልም። ሳይንቲስቶችም ስለ ቬነስ የሚከራከሩት በዚሁ ነው። ብረቱ ቀዩ ሄማታይት ነው የሚሆነው ወይስ ጥቁሩ ማግኔታይት? የቬነስ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድም አለው፣ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድም አለው። አንዱ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀማል። ሚዛኑ ሁለቱ ማዕድናት የሚለያዩበት ድንበር አጠገብ ነው የወደቀው። ተራራው ላይ ሲወጣ ደግሞ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ሚዛኑም አብሮ ይለወጣል። ቆላውና ደጋው የተለያየ ልጣጭ ሊኖረው ይችላል።

መሮና መዶሻ (ኮምቦልቻ አካባቢ)፣ ረቡዕ ጠዋት

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። የድንጋይ ካባ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ልጄ ነው ይህን ያነበበልኝ፣ እሱው ነው የሚጽፍልኝ።

መምህር ያዩት ልጣጭ የእኛ የዕለት ጉዳይ ነው። የካባው አፍ ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ ቡናማ ነው። ያንን ለቤት መሠረት አንሰጥም። ወደ ውስጥ ገብተን ጥቁሩን ነው የምናወጣው። በዓይን ብቻ አይደለም የምንለየው፣ በጆሮም ነው። ደህናው ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። የተበላው «ዱብ» ይላል፤ ድምፅ አያወጣም። መሮም ይውጣል። ልጣጩ ሳይወርድ ሲሚንቶ ከተለሰነበት ከዓመታት በኋላ ልስኑ ከነልጣጩ ተገንጥሎ ይወድቃል። አይቻለሁ።

ሁለት ነገር ግን ይገርመኛል። አንደኛ፣ ሬድ አሽ የምንለው ቀላል ድንጋይ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ልጣጭ የለውም። ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ አንዳንዴ ጥርስ የመሰለ ነጭ ነገር ይገኛል። ቀዳዳውን ሞልቶ። ከየት መጣ?

ጥቁር ንብርብር፣ ረቡዕ ምሳ ሰዓት

ጋሼ፣ እንኳን መጡ። በጆሮ የሚለዩት ነገር ላቦራቶሪ ውስጥም የሚለካ ነው። ድንጋይ ሲበላ ቀዳዳው ይበዛል፣ ድምፅ የሚያልፍበት ፍጥነትም ይቀንሳል።

ሬድ አሽ እስከ ውስጡ የቀላው ገና ትኩስ ሳለ ነው። እሳተ ገሞራው ሲተፋው እንደ ስፖንጅ ነበር፤ አየሩና እንፋሎቱ በየቀዳዳው ገባ። ቀልቶ ቀዘቀዘ። ያለ ዝናብ በሙቀት የቀላ ድንጋይ ማለት ይኸው ነው፣ በየመንገዱ የምናፈሰው። መምህር፣ ለልጅቷ አንድ ጭብጥ ሬድ አሽ ይውሰዱላት።

ነጩ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን) ነው፣ ወይ ዚዮላይት የሚባል ማዕድን። መለያው ሎሚ ነው። ነጩን በምስማር ጫር ጫር አድርገው ዱቄቱ ላይ ሎሚ ይጭመቁ። ከተንጨረጨረና ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው። ዝም ካለ ሌላ ነው።

ያ አረፋ ምን መሰላችሁ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር የነበረ፣ ድንጋይ ሆኖ የቆየ፣ አሁን በሎሚ የተፈታ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት እዚህ ጋ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ዝናብ ሲወርድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። ደካማ አሲድ ይሆናል፣ እንደ አምቦ ውሃ በጣም የቀጠነ። ባዛልቱን ይበላዋል። ካልሲየሙን ያወጣዋል። ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ውሃው ውስጥ ሆነው ይጓዛሉ። የደላንታና የመቅደላ ገደል ያጠበው ውሃ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ከዚያ እስከ ሜዲትራንያን። ባሕር ውስጥ ዛጎልና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ካርቦኑ ተቀበረ ማለት ነው። መሬት ላይ በኖራ ድንጋይ መልክ የተቀበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢፈታ የቬነስን አየር የሚቀራረብ መጠን ይሆናል። ሁለቱ ፕላኔቶች መጀመሪያ ያላቸው ሀብት ተመሳሳይ ነበር። የእኛው ዓለት ውስጥ ገባ። የቬነስ አየር ላይ ቀረ። እኛን በሕይወት ያቆየን አንዱ ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኖራ ቀብታችሁ ታውቃላችሁ? ለበዓል ግድግዳ ሲቀባ። የኖራ ድንጋይ እሳት ውስጥ ይቃጠላል፣ ወደ 900 ዲግሪ ሲደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። የቀረው ውሃ ሲያገኝ ይንተከተካል። ግድግዳ ላይ ሲቀባ መጀመሪያ ውሃ ይመስላል፤ ደብዛዛ ነው። ሲውል ሲያድር ይነጣል፣ ይጠነክራል። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ እየወሰደ ነው። ግድግዳችሁ ላይ እንደገና ድንጋይ ሆነ። አየርና ማዕድን ሲገናኙ በዓይን ማየት የፈለገ ሰው የኖራ ቅብ ይመልከት።

ሃሮልድ ዩሪ የሚባል የኬሚስትሪ ሰው በ1952 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሐሳብ በፕላኔት ደረጃ አስቀመጠው። ካልሲየም ያለበት ድንጋይና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገናኙ ካልሳይትና ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ይሰጣሉ። ሙቀት ሲበዛ ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚገርመው፣ በቬነስ ሙቀት ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ግፊት ቬነስ ላይ ካለው ግፊት ጋር በጣም ይቀራረባል። አየሩን የሚቆጣጠረው ድንጋዩ ነው ያሉ ነበሩ። አሁን ብዙዎች መገጣጠም ብቻ ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኔም ወደዚያ አደላለሁ፤ ካልሳይት ቬነስ ላይ ከሌላ ጠላት አያመልጥምና። እሱን ማታ እጽፋለሁ፣ አሁን ሥራ ጠራኝ።

ቦርከና፣ ረቡዕ ከሰዓት

ጥቁር ንብርብር፣ ተሳስቼ ነበር፣ አረምከኝ። «ኦክስጅን የለም» ብዬ ዘጋሁት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ረሳሁት። መምህር ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው ያረጋጋሁዎት።

በሽሎን ስትጠቅስ ግን የእኔን ወንዝ ዘለልከው። ቦርከና አዋሽ ነው የሚገባው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ታዲያ የእኛ ካልሲየም የት ይቀበራል?

ጥቁር ንብርብር፣ ረቡዕ ማታ

ወንድሜ፣ ጥሩ ያዝከኝ። አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፣ ጂቡቲ ድንበር። እዚያ ሐይቁ ዳር ከነጭ የኖራ ድንጋይ የተሠሩ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ ዓምዶች አሉ። ፍል ውሃው ከስር ካልሲየም ይዞ ይወጣል፣ ሐይቁ ደግሞ ካርቦኔት አለው። ሲገናኙ ድንጋይ ይሆናሉ። ከሐይቁ ካርቦኔት ውስጥ ከእናንተ ተራራ የታጠበም አለበት። ባሕር አይደርስም እንጂ መቀበሪያ አላጣም።

አሁን የካልሳይት ጠላት ያልኩትን ልጨርስ። ድኝ ነው። የቬነስ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 150 እጅ ገደማ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚወጋው ጋዝ። ያ ጋዝ ካልሲየም ያገኘበት ሁሉ ይጣበቃል። ካልሳይትን ካርቦኑን አስወጥቶ ራሱ ይገባበታል። የሚፈጠረው አንሃይድራይት ይባላል። በቀላል አማርኛ ውሃ የሌለው ጀሶ ማለት ነው። ኮርኒስ ላይ የምንለስነው ጀሶ ዘመድ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የወረዱት መንኮራኩሮች አፈሩ ውስጥ ድኝ አግኝተዋል። እንደ ሰልፈር ትሪኦክሳይድ ሲቆጠር ቬኔራ 14 ካረፈችበት 1 በመቶ የማይሞላ፣ ቬኔራ 13 ካረፈችበት 1.6 በመቶ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ቬጋ 2 ካረፈችበት ወደ 4.7 በመቶ። ቦታ ቦታው ይለያያል። ለእኔ ይህ እንደ ዕድሜ ነው፤ አንዱ ድንጋይ አየሩን ብዙ ዘመን ጠጥቷል፣ ሌላው ገና ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ልብ የሚነካው። በ1989 የወጣ የላቦራቶሪ ሥራ ድንጋዩ ድኙን የሚጠጣበትን ፍጥነት ለካ። አዲስ ድኝ ካልተጨመረ አየሩ ውስጥ ያለው ሁሉ በ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያልቃል አለ። 2 ሚሊዮን ለፕላኔት ትናንት ነው። ድኙ ግን አለ። ስለዚህ የሚተፋ እሳተ ገሞራ አለ ማለት ነው። ከድንጋይና ከጋዝ ሒሳብ ተነስቶ ማንም ያላየውን እሳተ ገሞራ ማወቅ ተቻለ። በ2023 ደግሞ የማጄላን መንኮራኩር በ1991 ያነሳችውን የራዳር ምስል እንደገና የመረመሩ ሰዎች ማት ሞንስ የሚባለው ተራራ ላይ አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ በስምንት ወር ውስጥ ሰፍቶና ቅርጹን ለውጦ አገኙት።

የቆቦ ሜዳ (ቆቦ)፣ ረቡዕ ማታ

ማርስን ማንም አላነሳም እኮ! ቀይ ናት፣ አየሯ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ልክ እንደ ቬነስ። ግን ቀዝቃዛ ናት፣ አየሯም ስስ ነው፤ የእኛን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በሙቀት አልዛገችም።

ያነበብኩትን ላካፍል። ኪዩሪዮሲቲ የምትባለው ተሽከርካሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ስትበሳ የወጣው ዱቄት ቀይ አልነበረም። ግራጫ ነበር! መሬቱ ሁሉ ቀይ፣ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ሲገባ ግራጫ። መምህር፣ ያው የእርስዎ ድንጋይ።

ቅላቱ ከየት መጣ በሚለው በ2025 የወጣ ጥናት አቧራው ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ፌሪሃይድራይት ነው ይላል። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት የሚፈጠር ዝገት ነው። ውሃ ያዘለ። ድሮ ግን ደረቅ ሄማታይት ነው ይባል ነበር። ይህ ከጸና ማርስ የዛገችው ገና ውሃ ሳለ ነው።

ሌላም አለ። የቫይኪንግ መንኮራኩሮች በ1976 እ.ኤ.አ. የማርስን አፈር ሲያረጥቡት ኦክስጅን ወጣ። ሕይወት መስሏቸው ነበር አንዳንዶች። በ2008 እ.ኤ.አ. ፊኒክስ የምትባል መንኮራኩር አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት አገኘች። የፀሐይ ጨረር፣ ስሱ አየርና አቧራው ተነካክተው የሚሠሩት ኃይለኛ ኦክሳይድ አድራጊ ነው። ስለዚህ ማርስ ላይ አሁንም አየርና አፈር እየተነካኩ ነው፣ በጣም በዝግታ።

የገደል ዳር ልጅ (ወገል ጤና)፣ ሐሙስ ጠዋት

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የእኛ ነገር ስላልተነሳ ልጻፍ።

ኦፓል ቆፋሪ ነበርኩ። የደላንታ ኦፓል (ቀለም የሚያወጣ የከበረ ድንጋይ) ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም ያወቀው ነው። ገደሉ ላይ ላዩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከስሩ ፈዛዛ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ድንጋይ አለ። ኦፓሉ እዚያ ውስጥ ነው፣ ስስ ንብርብር ላይ። ከስሩ ጭቃ የሆነ ድንጋይ አለ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። እኛ ጭቃው ሲታየን ነው «ደረስን» የምንለው። አደገኛ ቦታ ነው። ሰው ወድቆብናል፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

አንዲት የጂኦሎጂ ባለሙያ መጥታ ያስረዳችንን አልረሳውም። አመዱ ድንጋይ እንደ መስታወት ነበር አለች። ውሃ ሲገባው ፈርሶ ጭቃ ሆነ። ሲፈርስ ሲሊካ ተረፈው። ሲሊካው በውሃ ተይዞ ቀዳዳ ውስጥ ተቀመጠ። እጅግ ጥቃቅን ኳሶች ሆኖ ተደረደረ። ብርሃኑ በኳሶቹ መሐል ሲያልፍ ቀለም ያወጣል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።

የእኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትከተው ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ጥርት ይላል። አውጥተህ ስታደርቀው ቀለሙ ይመለሳል። ገዢ እንዳይደነግጥ ሁልጊዜ እንነግረዋለን።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ቬነስ ላይ ኦፓል ሊኖር ይችላል?

ጥቁር ንብርብር፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት

ወንድሜ፣ ስለ ወደቁት ነፍስ ይማር።

አይኖርም። ኦፓል ውሃ ያዘለ ማዕድን ነው። በ460 ዲግሪ ውሃው ይተናል፣ ይሰነጣጠቃል። ሲሊካ ቬነስ ላይም ከድንጋይ ሊላቀቅ ይችላል፣ ግን ተሸክሞ ቀዳዳ ውስጥ በእርጋታ የሚደረድረው የለም። ጭቃም የለም። የእኛ መረሬ አፈር፣ የእናንተ ኦፓል፣ የእማማ ሸክላ፤ ሦስቱም ውሃ ያለበት ፕላኔት ሥራ ናቸው። እዚያ ጀሶና ዝገት ብቻ ነው።

የጦሳ ስር፣ ሐሙስ ማታ

ዛሬ ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ «ያን ዕለት የሰጠሁሽ መልስ ስህተት ነበር» አልኳት፣ በሁሉም ፊት። ፊቷ በራ።

ሬድ አሽ አሳየኋቸው። ከቤት የተሰበረ ድስት ገል ወስጄ ሰበርኩ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ጋሼ እንዳሉት ነጭ ያለበት ድንጋይ ከመንገድ ዳር አገኘሁና ሎሚ ጨመቅንበት። የመጀመሪያው ዝም አለ። ሁለተኛውም ዝም። ሦስተኛው ላይ ተንጨረጨረ! አንዱ ልጅ ጆሮውን አስጠግቶ «ይሰማል፣ ይሰማል» ይላል። ደወል ተደውሎ የወጣ የለም።

ልጅቷ ግን አሁንም አልለቀቀችኝም። «የቬነሱ ልጣጭ በስንት ጊዜ ነው የሚሠራው?» አለች። ይህን ማን ይመልስልኛል?

ጥቁር ንብርብር፣ ሐሙስ ማታ

ይህች ልጅ ጂኦሎጂ ትማርልኝ።

በ2020 የወጡ ሙከራዎች አሉ። ኦሊቪን የሚባለውን አረንጓዴ ማዕድን፣ ባዛልት ውስጥ የሚያብለጨልጨውን፣ በምድጃ አጋሉት። በቀናት ውስጥ ሄማታይት ለበሰ። ከዚህ ተነስተው ቬነስ ላይ ኦሊቪኑ ገና ያልተሸፈነ የሚመስለው ላቫ በጣም አዲስ ነው፣ ምናልባት የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ነው ያለው አሉ። ኢዱን ሞንስ የሚባለውን ተራራ ነበር የሚያስቡት።

እኔ እዚህ ላይ ጠንቀቅ እላለሁ። ሙከራው የተሠራው በእኛው አየር ውስጥ ነው፣ 600ና 900 ዲግሪ ላይ። የእኛ አየር አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው። ቬነስ ላይ ያ የለም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ የሚሄደው ቀርፋፋ ነው መሆን ያለበት። ደግሞ ልጣጭ አንዴ ከተሠራ ከስሩ ያለውን ይሸፍናል። ጋዙ ወደ ውስጥ ለመግባት እየከበደው ይሄዳል። ስለዚህ ልጣጩ መጀመሪያ ቶሎ፣ በኋላ በዝግታ ነው የሚወፍረው። በጦሳው ድንጋይም እንዲሁ ነው፣ ጥፍር ለማከል ሺዎች ዓመታት የፈጀበት። ልጅቷን «ቶሎ ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ይቀጥላል፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ገና እየተለካ ነው» ብለው ይመልሱላት። ናሳና የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት አዳዲስ መንኮራኩሮች ወደ ቬነስ ለመላክ እያዘጋጁ ነው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ መረጃው ይኖራል።

መሮና መዶሻ፣ ዓርብ ጠዋት

መምህር፣ ካባው ላይ ከአፍ እስከ ውስጥ ልጣጩ እንዴት እየቀጠነ እንደሚሄድ የሚያሳዩ አምስት ድንጋይ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ከላይ ያለው ሙሉ በሙሉ የተበላ ነው፣ የታችኛው ይጮኻል። ልጆቹን ይዘው ቅዳሜ ከመጡ በመዶሻ ራሳቸው እንዲሰሙት አደርጋለሁ። ጫማ ያድርጉ።

የሸክላ ልጅ፣ ዓርብ ከሰዓት

መምህር፣ እናቴ ነገሩን ስነግራት ጓሮ ሄዳ ገል ስትለቅም ዋለች። 12 ሆኑ። ልቡ ያልበሰለ፣ ግማሽ የበሰለ፣ እስከ ልቡ ቀይ የሆነ፣ የታፈነም ጀበና አለበት። በካርቶን አድርጌ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቻለሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ደሴ መናኸሪያ ይገባል። ስብራቱ አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። «ሲፈቱት ይጠንቀቁ፣ ጠርዙ ይቆርጣል በያቸው» ብላለች።

የጦሳ ስር፣ ዓርብ ማታ

ደርሶኛል። 12ቱም ደህና ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ከቀዩ እስከ ጥቁሩ ደርድሬያቸዋለሁ፣ ጫፍ ላይ የጦሳዋን ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ጋሼ፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ካባው ጋ ነን፤ 31 ልጆች ናቸው።